ጋሽ ደምሴና የሚነጥረው ቀስት

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማሁት ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳሁ ሳለ ነው። አያት አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ስልክ በራ። የደወሉት ባለቤታቸው እትዬ የሺ ነበሩ። እትዬ የሺ በሥራ ሰዓት ደውለውልኝ አያውቁም።

«ረድኤት፣ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው። «ቅዳሜ እንዳትመጪ ብዬ ነው። ትምህርት የለም።»

«ምነው? አሟቸው እንዴ?»

«ደምሴ አረፈ። ዛሬ ጠዋት።»

እናትየዋን እንዴት እንደሸኘኋት አላስታውስም። የማስታውሰው ጓዳ ገብቼ የመድኃኒት ካርቶን ላይ መቀመጤን ነው። በዚያች ሰዓት የመጣልኝ የጋሽ ደምሴ ፊት ሳይሆን ድምፃቸው ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከአፋቸው አብዝቼ የሰማኋት አንዲት ቃል፦ «ተዪው!» ቫዮሊን የሚያስተምር ሰው ይህቺን ቃል ማብዛቱ መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። ልማር የመጣሁ ሰው ምኑን ነው የምተወው?

ቫዮሊን የጀመርኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ወደ ሐዋሳ ስትዛወር አቧራ የጠጣ ቫዮሊኗን ትታልኝ ሄደች፤ እኔም ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ መፋቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ስትጫወት አየሁ። ቀስቱ ክሩ ላይ አይጎተትም፤ ይነጥራል። ድምፁ ፈንድሻ ድስት ውስጥ ሲፈነዳ የሚሰማውን ይመስላል፤ ደረቅና አጭር፣ ግን ዜማ ያለው። ስሙን ፈልጌ አገኘሁት፤ ስፒካቶ ይሉታል። የከነከነኝ የልጅቷ እጅ ነው። እጇ የሚዘል አይመስልም። ታዲያ ቀስቱን ማን ነው የሚያነሳው?

ዓመት ሙሉ ሞከርኩ። ቀስቱን አነሳለሁ፣ እጥላለሁ፤ አነሳለሁ፣ እጥላለሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮንዶሚኒየሙ ላይ ከእኔ በታች የሚኖረው ጎረቤቴ መጥቶ በሬን አንኳኳ።

«እኅቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ በትሕትና። «የምትመቺው ሚስማር ብዙ ይቀርሻል?»

ብዙም ሳይቆይ የቀስቴ ጭራ፣ ክሩ ላይ የሚያርፈው ፀጉር፣ መበጣጠስ ጀመረ። የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ስጠይቅ፣ «እኔ ጋ አይሠራም። የካ ሚካኤል ግን ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው አሉ፤ ቲያትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ስንት ዘመን የተጫወቱ ናቸው። እሳቸው ጭራ ይቀይሩልሻል» አለኝ። ከአያት በባቡር መገናኛ፣ ከመገናኛ በታክሲ የካ ሚካኤል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን የኮብልስቶን ዳገት እያለከለክሁ ወጥቼ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አንኳኳሁ።

አጠር ያሉ፣ ሦስቱም ቁልፍ የተቆለፈበት ኮት የለበሱ፣ የሱፍ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። ከአገጫቸው በታች በስተግራ ጠቆር ያለ ምልክት አለ። የቃጠሎ ጠባሳ መስሎኝ ነበር፤ ቫዮሊን ዕድሜ ልካቸውን የተደገፈበት ቦታ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ቀኝ እጃቸው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነው። በግራ እጃቸው ቀስቱን ተቀበሉኝና እኔን ሳያዩ ጭራውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ከላይ አንስተሽ ታወርጂበታለሽ» አሉ።

«አቤት?»

«ጭራው መሐል ላይ ተበጣጥሷል። ጫፉና እጀታው ጋ ግን እንደ አዲስ ነው። ይሄ ክር ምን አድርጎሽ ነው?»

«ስፒካቶ እየተለማመድኩ ነው።»

«እሱ ስፒካቶ አይደለም፤ ድብደባ ነው።»

በዚያው ቀን እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። «ቅዳሜ ጠዋት ነይ። የምታውቂውን ግን እዚያው አያት ትተሽው ነይ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ወር ትምህርት መጫወት አልነበረም፤ መቁጠር ነበር። ቀስቱን እጀታው ጋ በሁለት ጣት ብቻ ይዤ ወገቡን ክሩ ላይ እጥለውና በራሱ ስንት ጊዜ እንደሚነጥር እቆጥራለሁ።

«ስንት?»

«ስድስት።»

«ገፋሽው?»

«አልገፋሁም።»

«ገፍተሽዋል፤ ሰምቻለሁ። ድገሚ።»

ቀስቱ ከጫፉ አካባቢ ሲጣል ቶሎ ቶሎ እንደሚነጥር፣ ወደ እጀታው ሲቀርብ ግን እንደ ሰነፍ በቅሎ ዝግ እንደሚል አስተዋልኩ። ጭራው ሲወጠርና ሲላላም ይለያያል። ነገሩ ስለገረመኝ ደብተር ገዝቼ መጻፍ ጀመርኩ፤ የቱ ጋ ስንት ጊዜ፣ የቱ ጋ ምን ዓይነት ድምፅ እያልኩ። ጋሽ ደምሴ ደብተሩን ባዩ ጊዜ ሳቁ።

«ሐኪም ቤት ስለምትሠሪ ነው ሁሉን የምትጽፊው?»

«መድኃኒት ቤት ነው፣ ጋሽ ደምሴ።»

«ያው ነው። ጻፊ፣ ጻፊ። ግን ይቺንም ጨምሪበት፤ ቀስት እንጨት ነው፣ እንጨት ደግሞ መንጠር ይወዳል። የአንቺ ሥራ አለመከልከል ነው።»

አያመሰግኑም ነበር። «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ይልቅስ ደስ የሚል ድምፅ ሲሰሙ ኮፍያቸውን ቀስ ብለው ያወልቁና ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡታል። ስሳሳት መልሰው ያጠልቁታል። እኔም ኖታውን ትቼ ኮፍያውን ማንበብ ለመድኩ። አንዳንድ ቅዳሜ ኮፍያው ከራሳቸው ሳይነሳ ሁለት ሰዓት ያልፋል።

ጭራ ሲቀይሩ ማየትም ያስደስተኝ ነበር። እሳቸው ያዝዛሉ፤ ጭራውን እያበጠሩ የሚያስሩትና በክር የሚጠመጥሙት ግን እትዬ የሺ ናቸው። «የሺ፣ ጠበቅ አድርጊው» ይላሉ ጋሽ ደምሴ፤ «አጥብቄዋለሁ፣ አንተ ዝም በል» ይላሉ እትዬ የሺ። የፍቅር ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ባልና ሚስት ሥራ ተካፍለው ሲሠሩ ምን ያምራሉ እያልኩ።

ጭራው ከየት እንደሚመጣ ብጠይቃቸው፣ «ነገ አብረን እንሂድና ታዪዋለሽ» አሉኝ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። በታክሲ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት። በቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ የሚኖሩ አንድ የሚያውቋቸው ገበሬ ነጭ ፈረስ አላቸው። ጋሽ ደምሴ ከፈረሱ ኋላ ራቅ ብለው ቆመው እንደ ዳኛ መረመሩት።

«የወንድ ፈረስ ነው የሚሻለው» አሉኝ። «የሴቷን ጭራ ሽንቷ ስለሚነካው ቶሎ ይደክማል። የበቅሎ ደግሞ ስሙን አታንሺው።»

ገበሬው አንድ ጭብጥ የሚሆን ጭራ ቆርጠው ሰጡን። በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ቁልቁለቱን ስንጀምር የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የተሸከሙ ሴቶች ከፊታችን እየወረዱ ነበር። ጋሽ ደምሴ ድንገት ቆሙ። አንዷን ሴት በትኩረት ያዩአታል። ከጀርባዋ በአግድም የተጫነው እስር ከእርምጃዋ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሴትዮዋ ሸክሟን የመንገዱ ዳር ግንብ ላይ አስደግፋ ልታርፍ ስትል ቀረቧት።

«እንደምን አደርሽ እኅቴ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ቁልቁለት ስትወርጂ ሸክሙ ይነጥራል። አንቺ ነሽ የምታነጥሪው ወይስ ራሱ ነው?»

ከእግር እስከ ራሳችን አየችን። «ምን ሊያደርግላችሁ?»

«ይቺን ልጅ ሙዚቃ እያስተማርኳት ነው። መንጠር አልገባ ብሏታል።»

ሳቋ መጣ። ስሟ ጫልቱ ነው፤ በዚያ መንገድ ስትመላለስ ዓመታት አልፈዋል። «ራሱ ነው እንጂ የሚነጥረው» አለች ወደ እኔ ዞራ። «እንዳይነጥር ላስገድደው ያልሽ እንደሆነ ወገብሽን ይዞሽ ይሄዳል። እግርሽን ከሱ ጋር ታስኬጃለሽ፤ በቃ።» ከዚያ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረች። «ግን ይሄ በወሬ አይገባም። ትሸከመውና ትየዋ!»

እንዲያድኑኝ ወደ ጋሽ ደምሴ አየሁ። እሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለውን ጭራ ከእጄ ተቀበሉኝና፣ «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ።

ጫልቱ ገመዱን ደረቴ ላይ አስተካክላ አሰረችልኝ። ሸክሙ ሲጫንብኝ ትንፋሼ ቆመ። መጀመሪያ ላይ እንዳይወዛወዝ ተጋደልኩ፤ በወረድኩ ቁጥር ከኋላ ይገፋኛል፣ ልቆም ስል ወደ ኋላ ይጎትተኛል። «ጉልበትሽን ለቀቅ አድርጊው! ምነው እንደ ምሰሶ ተገተርሽ!» እያለች ጫልቱ ከኋላዬ ትጮኻለች። ወደ መሐል ገደማ ደክሞኝ መጋደሉን ተውኩት። ለአራት ወይም ለአምስት እርምጃ ያህል፣ ከዚያ አይበልጥም፣ እስሩ ወርዶ ጀርባዬን ይነካና ራሱ ይነሳል፤ በሚነሳበት ቅጽበት ምንም ያልተሸከምኩ ያህል ይቀለኛል። ወዲያው ደግሞ «አገኘሁት» ብዬ ሳስብ ጠፋብኝ፤ ልወድቅ ስል ጫልቱ ያዘችኝ።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ሸክሟን መልሳ ተጫነችና፣ «ነገም ነይ» ብላኝ እየሳቀች ሄደች። እኔ ትከሻዬን እያሻሸሁ ስለ አምስቱ እርምጃ በደስታ ስለፈልፍ ጋሽ ደምሴ አቋረጡኝ።

«ለእኛ ትምህርት ነው። ለእሷ የዕለት ጉርሷ ነው። ይቺንም ደብተርሽ ላይ ጻፊያት።»

ጻፍኳት። ቀስቱ ግን አሁንም አልነጠረም። ሦስት አራት ጊዜ ይነጥርና ይሞታል፣ ወይም እጄ ቀድሞት ያነሳዋል።

በዚህ መሐል ሌላ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ጋሽ ደምሴ ስፒካቶ ሲያሳዩኝ ሰው አይመስሉም፤ ቀስቱ ከእጃቸው ያመለጠ ፌንጣ ነው የሚመስለው። ነገር ግን አንድም ቀን ቀስቱን ከእጀታው እስከ ጫፉ ዝግ አድርገው ሲስቡ አላየሁም። ረጅም ድምፅ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ «አንቺ ሳቢ፤ እኔ እሰማለሁ» ይላሉ። ዜማው ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ በአፋቸው ያዜሙልኛል እንጂ ቫዮሊኑን አያነሱም። እትዬ የሺን አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ጋሽ ደምሴ ረጅም ድምፅ ለምንድን ነው የማይጫወቱት?»

«ሻይ ልጨምርልሽ?» አሉኝ።

የማይነበብ የሐኪም ጽሑፍ ሲያጋጥመኝ እስክፈታው ድረስ ዕረፍት የለኝም፤ ይሄም እንደዚያው ሆነብኝ። ስእለት ይሆን? ኩራት ይሆን? ወይስ አንድ ያዘኑበት ነገር አለ? መልሱን በብልጠት ላወጣው አሰብኩ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

የጥር ሚካኤል ዕለት ነበር። ታቦቱ ገብቶ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ የነጋሽ ደምሴ ቤት በዘመድና በጎረቤት ተሞላ። ጋሽ ከፍያለው የሚባሉ የኦርኬስትራ ጓደኛቸውም መጥተው ነበር፤ ሃያ ዓመት ከአንድ የኖታ ማስቀመጫ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው የተጫወቱ ናቸው። ተበልቶ ተጠጥቶ ጨዋታው ሲሟሟቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ለበዓሉ አንድ ቀዝቀዝ ያለ የድሮ ዜማ ይጫወቱልን!» አልኩ።

ቤቱ በጭብጨባ ደመቀ። ጋሽ ደምሴ አዩኝ። አልተቆጡም፤ በር ክፍት ትቶ የወጣን ልጅ እንደሚያዩ ሆነው ነው ያዩኝ። ተነሥተው ቫዮሊኑን አመጡና ብዙ ጊዜ ወስደው ቃኙት። ከዚያ ጀመሩ።

ዜማው በትዝታ ቅኝት የሚዜም፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማው ዓይነት ነው። እሳቸው ግን አነጠሩት። እያንዳንዱ ድምፅ አጭር፣ በመሐሉ ዝምታ፣ እንደገና አጭር። እንግዳው በሳቅ ፈነዳ። «ልቅሶውን አስጨፈሩት!» ብሎ አንዱ ትከሻውን መታ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት ጋሽ ከፍያለው ናቸው። እኔም ልስቅ ስል እትዬ የሺን አየኋቸው። ከጓዳው በር ላይ ትሪ እንደያዙ ደርቀው ቆመዋል፤ የሚያዩት የባላቸውን ቀኝ እጅ ነው። እኔም ወደዚያው አየሁ። ዜማው አልቆ ቀስቱ ክሩ ላይ ሲያርፍ፣ ገና ሳይነሳ፣ ጫፉ ተንቀጠቀጠ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ያንን ዓይነት መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ መድኃኒቱን ለስንት ሰው ሰጥቻለሁ። ኪስ ውስጥ የሚውለው እጅ፣ ጭራውን የሚያስሩት እትዬ የሺ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ስወጣ እትዬ የሺ በር ድረስ ሸኙኝ።

«ያንን ያደረግሽው አውቀሽ ነው?»

«አላወቅኩም፣ እትዬ።»

«ጠርጥረሽ ነበር።»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

«እንግዲህ አሁን አወቅሽ» አሉኝና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ቢያጋጩት ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ቅዳሜ ቀረሁ። በአራተኛው ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ደወሉ።

«ታመምሽ?»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ?»

«አፍሬ ነው።»

«ነይና እዚህ እፈሪ» አሉኝ።

ስደርስ ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ ስል በግራ እጃቸው አስቆሙኝና ታሪኩን ነገሩኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አዳራሹ ሙሉ ነበር። አንድ ረጅም፣ ቀጭን ድምፅ ብቻቸውን የሚስቡበት ቦታ ነበራቸው፤ ኦርኬስትራው ዝም ይላል፣ እሳቸው ብቻ ይቀራሉ። እጃቸው ከጥቂት ወራት ጀምሮ እንግዳ ጠባይ አምጥቶ ነበር፣ ግን ደብቀውታል። ያን ቀን ቀስቱ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«በማግሥቱ ዓይኔ ደክሟል፣ ኖታ አይታየኝም ብዬ ወጣሁ» አሉኝ። «ለሁሉም ያልኩት ያንኑ ነው። እውነቱን የምታውቀው የሺ ናት። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስተኛኝ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ረጅም ድምፅ ስቤ አላውቅም።»

ከአፌ የወጣው ጥያቄ ነው። «ታዲያ ሲነጥር ለምን አይንቀጠቀጥም?»

ጥያቄው ሰው የሚያስቀይም መሆኑ የገባኝ ካወጣሁት በኋላ ነው። ጋሽ ደምሴ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«የሺ፣ እግዜር ይርዳህ አለችኝ። ሐኪሙ፣ ዕድሜ ነው አለኝ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። «እኔ ግን በየቀኑ እጠይቃለሁ። ነይ፣ ቫዮሊንሽን አውጪ።»

ያን ቀን የትምህርቱን ሰዓት ረሳነው። እሳቸው ይጫወታሉ፣ እኔ እጃቸውን በቅርብ እያየሁ እጽፋለሁ። መንቀጥቀጡ አልጠፋም፤ ስፒካቶው ውስጥም አለ። ነገር ግን ቀስቱ ክሩን ነክቶ ወዲያው ስለሚነሳ መንቀጥቀጡ ለመሰማት ጊዜ አያገኝም።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «መጀመሪያ ተጣላሁት። ጭብጥ አድርጌ ስይዘው ባሰበት። በኋላ ማዘዝ ተውኩ። ቀስቱን ለቀቅ ሳደርገው ራሱ መንገዱን አገኘ። በወጣትነቴ ስፒካቶዬ እንዲህ አልነበረም፤ ከፍያለውን ብትጠይቂው ይነግርሻል። አሁን ነው የተማርኩት።»

«ተዪው» የሚሏት ቃል ከየት እንደመጣች የዚያን ቀን ገባኝ።

«እስቲ አብረን እንጫወተው» አሉኝ ቀጥለው። አብረን ጀመርን። ዓይኔ በእሳቸው አውራ ጣት ላይ ነው፤ የቱ ጋ ሲደርስ እንደሚላላ ልይዝ። የራሴን እጅ ረሳሁት። ትንሽ ቆይቶ የሆነ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ፣ አጭር፣ ዜማ ያለው። ከሳቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ካቆሙ ቆይተዋል። ቀስቴ ብቻውን እየነጠረ ነው፤ እጄ ዝም ብሎ ከጎኑ ይሄዳል። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጥያቄዬ መልስ አገኘ፤ ቀስቱን የሚያነሳው ማንም አይደለም፤ ክሩ ራሱ ነው። ልጮህ ስል ጋሽ ደምሴ በዓይናቸው ከለከሉኝ። «ተዪው፣ እንዳታስቢው» አሉኝ በሹክሹክታ። እትዬ የሺ ከጓዳ ወጥተው ትሪያቸውን እንደያዙ ሰሙኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ፈገግ እያሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ሳልጠይቃቸው፣ ረጅሙን ድምፅ ሳቡልኝ። ከእጀታው ተነሥቶ ግማሹ ድረስ ድምፁ የጠራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተንቀጠቀጠ። ሲጨርሱ ፊቴን አዩት። አዝኜላቸው እንደሆነ ሊያዩ ነው መሰለኝ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ፣ «ከወገቡ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚጀምረው» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ሳቁ። በየወሩ አንድ ጊዜ እንደዚያ ይስቡልኝ ጀመር፤ እኔም የት ላይ እንደጀመረ እየጻፍኩ አብረን ለካነው። ጆሮዬም ቀስ በቀስ እየተሳለ መጣ። የሌላ ሰው ጆሮ የማይይዛትን ቀጭን መንቀጥቀጥ ገና ስትነሣ እለያት ጀመር። በመጨረሻዎቹ ወራት የምትነሣው ከእጀታው አጠገብ ነበር፤ ሁለታችንም ስለዚያ አላወራንም።

በሠልስታቸው ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ከእትዬ የሺ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሳለ ጋሽ ከፍያለው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ፊታቸው አብጧል።

«አንቺ የመጨረሻ ተማሪው ነሽ አይደል?» አሉኝ። «ለምን እንደወጣ ነግሮሽ ያውቃል?»

መልሴን ግን አልጠበቁም።

«ዓይኔ ደከመ ብሎን ወጣ። ዓይኑ እኮ እስከ መጨረሻው መርፌ ያይ ነበር! ስንት ጊዜ ለመንነው። ደግሞ በየትኛው ቀን ማግሥት መሰለሽ? ያቺን ረጅሟን ድምፅ በሳበ ማግሥት። ልጄ፣ አዳራሹ ሙሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እንባዬ መጥቷል።»

«ምንም አልሰማችሁም?» አልኳቸው።

«ምን እንሰማለን?»

ጋሽ ደምሴ ሰው ሁሉ እንደሰማቸው አምነው ነው የኖሩት። ያን ሁሉ ዓመት የደበቁት ማንም ያላየውን ነገር ነበር። ወይስ ያን ምሽት ምንም አልነበረም? በጭንቀት የፈጠሩት ይሆን? ይህ ሐሳብ አላስቀምጥ አለኝ።

ጋሽ ከፍያለው ስልካቸውን አወጡ። «የድምፅ ባለሙያው ቀድቶት ነበር፤ ልጄ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እሱን ነው የምሰማው። እስቲ ስሚው» ብለው ማዳመጫውን ሰጡኝ።

ኦርኬስትራው ዝም አለ። አንድ ቫዮሊን ቀረ። ድምፁ ከየት እንደጀመረ አይታወቅም፤ እንደ ጠዋት ብርሃን ነው የገባው። ትንፋሼን ይዤ ሰማሁ። ከወገቡ አለፈ፤ ጠራ። ወደ ጫፉ ቀረበ። እዚያ ላይ፣ ድምፁ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው፣ አንዲት ፀጉር የምታህል መንቀጥቀጥ። ለማያውቃት የስሜት መንቀጥቀጥ ናት፤ ያንን አዳራሽ ያስለቀሰችውም ምናልባት እሷው ትሆናለች። እኔ ግን አወቅኋት።

ማዳመጫውን አውልቄ ቀና ስል እትዬ የሺ እያዩኝ ነው። የምሰማው ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

«ንገሪው» አሉኝ። «አሁን ምን ይጎዳል?»

ለጋሽ ከፍያለው ነገርኳቸው፤ ስለ ጋሽ ደምሴ እጅ፣ ስለዚያች ምሽት፣ ዓይን ስለ ተባለው ሰበብ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አላመኑኝም።

«አጠገቡ ነበርኩ እኮ» አሉ። «ሃያ ዓመት አጠገቡ።»

«መጨረሻዋ ላይ ነው፣ ጋሽ ከፍያለው። ልትጠፋ ስትል።»

ማዳመጫውን ትተው ስልኩን እንዳለ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት፤ በሌላኛው እጃቸው ሌላውን ጆሯቸውን ደፈኑ። አንዴ ሰሙ። ደገሙ። ድንኳኑ ውስጥ ምሳ ይዞራል፣ ሰው ይወጣል ይገባል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በሦስተኛው ላይ ፊታቸው ተለወጠ። ስልኩን ቀስ ብለው ከጆሯቸው አወረዱና እትዬ የሺን አዩአቸው።

«እንዴት ያለ ጆሮ ነው የቀበርነው፣ የሺ» አሉ።